ከቀራንዮ እስከ ዝሆኑ ሐይቅ

ንጋት፣ ቀራንዮ

የነሐሴ ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አድሯል። ገና ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ልጄ ምሥራቅ ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሳ እረፍት ላይ ናት። በየቅዳሜው አስራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ወደሚኖሩት ህንዳዊ የሒሳብ አስተማሪዋ ቤት ትሄዳለች። ሒሳብ ልትማር መስሎኝ ነበር። ለካ የአስተማሪው እናት የሃይማኖታቸውን ቅዱስ ታሪክ ሲያወሩ ልትሰማ ኖሯል!

ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ይህን ሲሰሙ ደረታቸውን መቱ። «ዛሬ ታሪክ ያሰሟታል፣ ነገ ማተቧን ያስበጥሷታል!»

ስለዚህ ዛሬ አብሬያት እሄዳለሁ። «ደስ ካላለኝ የመጨረሻሽ ነው» ብያታለሁ። ባዶ እጅ የሰው ቤት አይገባምና የገብስ ቆሎ ይዣለሁ። በብብቴ ደግሞ ጠበል በጠርሙስ። ከአጥሩ እንደወጣን ቡታጋዙን ማጥፋቴን ተጠራጥሬ ተመለስኩ።

«አጥፍተሽዋል!» አለኝ አባቷ፣ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

ማለዳ፣ መንገድ ላይ

እስከ ዋናው መንገድ በእግር ነው። ጭቃው ኮንጎ ጫማዬን ሁለቴ ውጦ ሁለቴ መለሰልኝ። ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ያልፉናል። ፌርማታው ላይ አውቶቡስ የለም፤ ውይይት ታክሲ መጣልን። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጦ ስለሚቀመጥ ነው ውይይት ያሉት።

«እናቴ፣ ጠጋ ይበሉ! ውይይት ነው እንጂ የግል ስብሰባ አይደለም» አለ ሾፌሩ።

ከፊቴ የተቀመጠ ባለካፖርት ሰውዬ አተኩሮ አየንና ጠየቀን። «በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?»

«ታሪክ ልንሰማ» አለች ምሥራቅ። ቆነጠጥኳት።

«የምን ታሪክ? ቀበሌ ስብሰባ አለ እንዴ?»

«ኧረ የለም! ዘመድ ጥየቃ ነው!»

«ዘመድ ቤትማ ታሪክ መች ይጠፋል» አለ ሾፌሩ፤ ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ሰውየው የቀበሌ ይሆን እያልኩ እስክንወርድ ካፖርቱን ስመረምር ነበር።

ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አስራ ስምንት

ጫማ ደጅ ይወለቃል። እሱስ እኛም ቤተ ክርስቲያን እናወልቃለን። አሮጊቷ የአስተማሪው እናት ቀጭን ናቸው፤ ነጭ ለብሰዋል። ቆሎውን ስሰጣቸው እጆቻቸውን አጋጥመው አመሰገኑኝ፤ አልቀመሱም ግን። ዛሬ ጾማቸው ነው፣ በዚህ ጾም እህል አይነኩም። ወተት ግን ይፈቀዳል። የወተት ጣፋጭ አቀረቡልኝ። እኔ ደግሞ ፍልሰታ ላይ ነኝ! ቆሎው ወደ እሳቸው፣ ጣፋጩ ወደ እኔ ሲመላለስ ቆይቶ በመጨረሻ አስተማሪው ሙዝ አመጡ። ሙዝ ለሁለቱም ጾም ይሆናል። ለእኔ ሰዓቱ ስላልደረሰ በነጠላዬ ቋጠርኩት።

ታሪኩ ተጀመረ። አሮጊቷ በቋንቋቸው ያወራሉ፣ አስተማሪው ወደ እንግሊዝኛ፣ ምሥራቅ ወደ አማርኛ።

«እማዬ፣ በየመሃሉ ‹እህ› ማለት አለብሽ። እንግዳዋ ዛሬ አንቺ ነሽ። ሰሚ ‹እህ› ካላለ አይቀጥሉም። እነሱ ዘንድ መስማትም ጸሎት ነው።»

ጸሎት ስትለኝ ጭራሽ አፌን ለጎምኩ። ጠበሌን ጨበጥኩ።

አንድ ትልቅ ዝሆን ከቤተሰቡ ጋር ሐይቅ ወረደ። አዞ እግሩን ያዘው። በጉልበቱ ተመካ፣ ታገለ፣ አልሆነም። ቤተሰቡ ጎተቱት፣ ደከማቸው፣ ጥለውት ሄዱ።

አሮጊቷ ዝም አሉ። አዩኝ። አስተማሪው አዩኝ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይንጫጫል።

«እማዬ፣ እባክሽ፣ ዝሆኑ ውሃ ውስጥ ነው።»

ጥለውት ሄዱ? እናቱስ? ልጇን ለአዞ ትታ የሄደች እናት ምን ዓይነት ናት? አላስቻለኝም።

«እህ! እህ ብያለሁ! ኧረ ያውጡት!»

ይህ ትርጉም አላስፈለገውም። አሮጊቷ እየሳቁ ቀጠሉ። ዝሆኑ አንድ አበባ በኩምቢው ወደ ሰማይ አንስቶ አምላኩን ጠራ፤ አምላክም ወዲያው ደርሶ አወጣው።

«እስከዚያ ለምን ቆየ?» አልኩ፣ ተናድጄ።

ጥያቄዬ በሦስት ቋንቋ ሄዶ መልሱ በሦስት ቋንቋ ተመለሰ። «እስኪጠራው ነው የጠበቀው። እኔም ‹እህ› እስክትዪ ነው የጠበቅኩሽ ይላሉ።»

ያኔ ነው የታወቀኝ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ተአምር ሲነበብ ቆሜ የማስበው ቡታጋዙን ነው፣ በሩን ነው፣ ልጄን ነው። እዚህ ግን ዝሆኑ እስኪወጣ ድረስ ምንም አላሰብኩም። ለካ በሙሉ ጆሮዬ ሰምቼ አላውቅም። ጠበሉን ሳልከፍተው ይዤ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ቤት

ምሥራቅ ጭቃው ላይ ቆመች። «እንግዲህ ልቀር ነው?»

«ብቻሽን አትሄጂም» አልኳት። «ቅዳሜ እኔም አለሁ። ነገ እሑድ ደግሞ ተአምር ሲነበብ አንቺም ከእኔ ጋር ነሽ።»

እቤት ስንደርስ የጾም ሰዓት አልፏል። አባቷ ሙዙን ተቀብሎ መላጥ ጀመረ። «ቡታጋዙ ደህና ነው። እሺ፣ ምን ሰማሽ?»

ጀመርኩለት። ዝሆኑ ወረደ፣ አዞው ያዘው፣ ዘመዶቹ ጥለውት ሄዱ። እሱ ሙዙን ያኝካል። እኔ ዝም አልኩ።

ምሥራቅ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«አንተን እየጠበቅን ነው፣ እኔም ዝሆኑም።»

አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጁን አየ። ሙዙን ዋጠ።

«እህ» አለ።