የሚስስ ዋንዳ ስድስተኛ ወንበር

በቺካጎ ሰው የሚታወቀው በረዶ ሲጥል ነው። በበጋማ ሁሉም ደግ ነው፤ በረንዳው ላይ ቢራውን ይዞ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ሲል ይውላል። በረዶው ጉልበት ሲደርስ ግን ነገር ይለወጣል። ወገቡ እስኪቆረጥ ዝቆ መኪናውን ያወጣ ሰው ያቺን ቦታ ለማንም አይለቅም። አሮጌ ወንበርም ይሁን የተሰበረ ጠረጴዛ፣ ያገኘውን አምጥቶ ይገትርባታል። ያንን የሚያነሳ ሰው እናቱ ያላሳደገችው ነው። በየትኛውም ሕግ አልተጻፈም፤ እኔ ግን ከአሥርቱ ትእዛዛት ቀጥሎ የማውቀው ይህንን ነው።

ሚስስ ዋንዳ ሴሮካ ከቤቴ ፊት ለፊት ነው የሚኖሩት። ፖላንዶች ናቸው። ሰፈሩን ቀድመን የያዝነው እኛ አይሪሾቹ ነን፤ የቄራው ሥራ ሲበዛ እነሱ መጡ፣ ከነሱ በኋላ ሜክሲኮዎቹ። የመጣ ሁሉ ከኋላው የመጣውን ያማል። ባላቸው ዚግመንት ቄራ፣ እሳቸው ከረሜላ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። ከሥራ ሲመለሱ እሱን የሰፈሩ ውሾች፣ እሳቸውን የሰፈሩ ልጆች ተከትለው ይመጣሉ። በኋላ ቄራው ተዘጋ፣ ዚግመንትም ብዙ ሳይቆይ ሞተ፣ መኪናውም ተሸጠ።

ጠቡ የተነሳው በቀብሩ ሰሞን ነው። አንድ ልጃቸው ሮማን ኑሮው ሌላ ግዛት፣ ኦሃዮ ነው። «ቤቱን ሽጪውና ከእኔ ጋ ነይ» አላቸው። «አባትህ በእጁ ቀለም የቀባውን ቤት አልሸጥም» አሉት። ቃል ቃልን ወለደ። በመጨረሻ ሮማን «አንቺ የምትሞቺለት ሰፈር መኪና ማቆሚያ እንኳ የለው!» ብሎ በሩን ወርውሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ድምፁን ይሰማሉ እንጂ ዓይኑን አላዩትም። ያ ነገር ሴትዮዋን ውስጥ ውስጡን እንደበላቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ማቆሚያ የለም አይደል? በረዶ በጣለ ቁጥር ሚስስ ዋንዳ የዚግመንትን ካፖርት ለብሰው ይወጡና ከበራቸው ፊት አንድ መኪና የሚበቃው ቦታ ይዝቃሉ። ከዚያ ከምግብ ጠረጴዛቸው ስድስተኛውን ወንበር አምጥተው መሐሉ ላይ ያቆማሉ። ይህ ወንበር እንደሌሎቹ አይደለም። ፖላንዶች በገና ዋዜማ ሳይጠራ ለሚመጣ እንግዳ አንድ ቦታ ይተዋሉ፤ የዚያ እንግዳ ወንበር ነው። «ቤት ውስጥ ባዶውን ከሚቀመጥ፣ ወጥቶ ቦታ ይያዝለት» ይላሉ።

የጎን ጎረቤታቸው ሄክተር ባራሃስ አዲስ በመጣ ሰሞን ሊከራከር ሞክሮ ነበር፤ እኔን እንደ ሜክሲኮ ወግ በአክብሮት «ዶን» ይለኛል።

«ዶን ኮርኒ፣ ሴትዮዋ እኮ መኪና የላቸውም!»

«ወንበር አላቸው» አልኩት።

«እና ፓርኪንግ ለወንበር ነው እንዴ?»

«አንተ ራቅ አድርገህ አቁመህ በእግርህ ና። ቦርጭህም ይቀንስልሃል።»

አኮረፈኝ። ግን ውሎ አድሮ ለመደ፤ ነፋስ ወንበሩን ሲጥለው ሮጦ የሚያነሳው እሱ ሆነ።

አንድ ዓመት ታዲያ በገና ዋዜማ ብርዱ የጉድ ነበር፤ አፍንጫዬ በቦታው መኖሩን በእጄ እየነካሁ ነው ያረጋገጥኩት። ከምሳ በኋላ ሸለብ አድርጎኝ ስነቃ በመስኮት ባይ፣ በሚስስ ዋንዳ ቦታ አረንጓዴ መኪና ቆሟል። ወንበሩ አጥሩ ሥር በረዶ ላይ ተጋድሟል። ደሜ ፈላ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! ባል የሞተባት ሴት ወንበር፣ ያውም በገና ዋዜማ!

ሄክተርን ጠራሁት። የሰፈራችን ቅጣት የታወቀ ነው። መስታወት አንሰብርም፣ ጎማ አንበሳም፤ እንደ ሠለጠነ ሰው መኪናውን በበረዶ እንቀብረዋለን። እስከ መስኮቱ ቀበርነው።

«ውሃ ካልፈሰሰበት ጠርጎት ይሄዳል» አለ ሄክተር። እውነቱን ነው፤ ውሃ ሲፈስበት ድንጋይ ይሆናል። ግን የእኔም የእሱም ቧንቧ ከጠዋት ጀምሮ በረዶ ሆኗል። በጓሮ ዞረን ሚስስ ዋንዳ ለበዓል የሚያበስሉበትን ምድር ቤት አንኳኳን። እጃቸው ዱቄት በዱቄት ሆኖ ከፈቱልን።

«ሚስስ ዋንዳ፣ አንድ ባለጌ ወንበርዎን ጥሎ መኪናውን ገትሮበታል። ልክ ልናስገባው ነውና ውሃ ይስጡን።»

«ምን ዓይነት መኪና?»

«አረንጓዴ» አለ ሄክተር። «የኦሃዮ ታርጋ።»

ኦሃዮ ሲባል እኔም አንድ ነገር ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር። የተናደደ ሰው ግን ጆሮ የለውም። ሚስስ ዋንዳ ቀና ብለው ጣራውን አዩ፤ ከላይ የሰው ኮቴ ይሰማል። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«ባልዲው ያውላችሁ» አሉ። «ጎማዎቹን እንዳትረሱ፣ አደራ።»

ስንወጣ ሄክተር ጆሮዬ ሥር «እኚህ ሴትዮ እንዲህ ጨካኝ ናቸው?» አለኝ።

«ሲቆጡ አላየሃቸውም» አልኩት። እውነቱን ለመናገር እኔም አላየሁም። ባልዲውን እየተፈራረቅን አጠጣነው፤ መኪናው ዓይናችን እያየ ብርጭቆ መሰለ።

አካፋችንን ተደግፈን ሥራችንን ስናደንቅ በሩ ተከፈተና ሮማን ኮፍያውን አድርጎ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ወጣ። ደረጃው ላይ ቆመ።

«መኪናዬስ?»

ክው አልኩ። ሄክተር አካፋውን ጀርባው ላይ ደበቀ፤ ጫፉ ከራሱ በላይ ይታያል።

ሚስስ ዋንዳ ከኋላው ብቅ አሉ። «ውይ ውይ ውይ! ሰፈሩ ተበላሽቷል ስትለኝ እውነትህን ነው ለካ! ግባ ልጄ፣ ይሄ ዛሬ አይፈታም።»

«እማዬ፣ ለእራት አልቆይም፣ አይቼሽ ልሂድ አላልኩሽም?»

«ብለኸኛል። አየኸኝ። አሁን ደግሞ ብላ።» ወደ እኛ ዞሩ። «እናንተስ ምን ይገትራችኋል? ሾርባው ሊቀዘቅዝ ነው። ኮርኒ፣ ወንበሩን ይዘህልኝ ና።»

በዋዜማው ሥጋ የለም። የቀይ ሥር ሾርባና ዓሣ ቀረበ፤ እኔና ሄክተር አንገታችንን ደፍተን ጠጣን። ሮማን የተቀመጠበት ወንበር በረዶው እየቀለጠ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«ምነው ወንበሩን ጣልከው?» አልኩት ቢጨንቀኝ።

«ቦታው ለሌላ ሰው የተያዘ መሰለኝ» አለ። «ተናደድኩ።»

ሄክተር አላስቻለውም። «የምን ሌላ ሰው! ይሄ ወንበር ክረምት በመጣ ቁጥር ላንተ ነው ብርድ ሲመታው የኖረው! እኔ በሱ የተነሳ መኪናዬን የት ሄጄ እንደማቆም ብታይ!»

የሮማን ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። እናቱን አያቸው። እሳቸው ዓሣውን ይቆርጣሉ። «ብላ እንጂ» አሉት። በላ፤ ዓይኑ ግን ሞልቶ ነበር፣ የእኔም እንደዚያው።

ብርዱ አልለቅ አለ፣ ሮማንም ከረመ። በልጅነት አልጋው እግሩ እየተንጠለጠለ ተኛ፣ ቧንቧችንን ሁሉ አሞቀልን፣ ማታ ማታ እናትና ልጅ ሲሳሳቁ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። በኋላ ፀሐይ ወጣች፤ በረዶው መላላት ሲጀምር ሮማን ቀኑን ሙሉ ፈልፍሎ መኪናውን አወጣና «ነገ ጠዋት እሄዳለሁ» አለ።

ብርዱ ሌሊቱን ተመልሶ አደረ። በማግስቱ ማለዳ ጋዜጣዬን ላነሳ ስወጣ፣ አንድ ሰው የዚግመንትን ካፖርት ለብሶ መኪናው ሥር ጎንበስ ብሏል። ደነገጥኩ። ቀረብ ብል ሚስስ ዋንዳ ናቸው፣ ባልዲ ይዘው።

«ሚስስ ዋንዳ! ምን እየሠሩ ነው?»

«ቀስ በል፣ ትቀሰቅሰዋለህ።»

«ዛሬ ሊሄድ ነው እኮ!»

«አዎ» አሉ ውሃውን ጎማው ላይ እያንቆረቆሩ። «ግን ገና አልጠገብኩትም።»

ምን ይባላል? ባልዲውን ተቀበልኳቸውና ልሞላ ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ።