የአራቱ ድምፆች ሙሉ ስም

ሊይዙኝ የመጡት ከሰዓት በኋላ ነው። ሦስት ነበሩ፤ አንዱ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ገባ። ጠረጴዛዬ ላይ የተማሪዎቼ የፈተና ወረቀትና ለአራት ድምፅ እያቀናበርኩት የነበረ የአንድ የድሮ መዝሙር ኖታ ነበር። ሁሉንም ፌስታል ውስጥ ከተቱት። ፈተናውን እንዲተዉልኝ ለመንኩ፤ አልተዉም።

ለምን እንደያዙኝ አልነገሩኝም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ። ከአራት ቀን በፊት በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ ከቤቱ ተወስዶ ስለቀረው ባልደረባችን “የት ነው ያለው?” ብዬ ጠይቄ ነበር።

ያስገቡኝ ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ፣ እንጦጦ ግርጌ ያለ የቀድሞ መጋዘን ነው። ክፍሉ በርዝመቱ አምስት፣ በወርዱ ሦስት እርምጃ ይሆናል። ቆርቆሮው ቀን ያቃጥላል፤ ማለዳ ላይ ደግሞ ከተራራው የሚወርደው ብርድ ሲሚንቶውን በረዶ ያደርገዋል። የባሕር ዛፍና የሽንት ቤት ሽታ አንድ ላይ ይገባል። ሁለት ሴቶች ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ነበር። አንዷ ሾላ ገበያ ሱቅ ያላት የስልጤ ሴት ናት፤ ወንድሟን ፈልገው ሲያጡት እሷን ይዘዋት መጡ። ሌላዋ ፌስቡክ ላይ በጻፈችው ነገር የታሰረች ወጣት የባንክ ሠራተኛ። ምንም ሳይጠይቁኝ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ጠራኝ። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ። ኖታዬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ በየመስመሩ መነሻ በእርሳስ የጻፍኳቸውን ፊደሎች በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

“ሶ፣ አ፣ ቴ፣ ባ። እነማን ናቸው?”

“ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነር፣ ባስ።”

“ሙሉ ስማቸውን።”

የቀለደ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁት። አልቀለደም። የሰዎች ስም ሳይሆን፣ ከቀጭኑ የሴት እስከ ወፍራሙ የወንድ፣ የድምፅ ዓይነቶች መሆናቸውን አስረዳሁት።

“እስቲ ዘምሪው።”

ዋናውን ዜማ ዘመርኩለት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ያውቀዋል።

“ይሄ እኮ አንድ ዜማ ነው” አለኝ። “ለምን አራት አደረግሽው?”

“አራት ሰው የተለያየ ነገር እያለ አብሮ መሄድ እንዲችል።”

“ይኸው! ፖለቲካ ማለት ይሄ ነው።”

ከዚያ በቤተ ክርስቲያን የምመራው ኳየር ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ጠየቀኝ። ሃያ ሁለት አልኩ። አንድ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረገልኝ።

“ስማቸውን፣ ሰፈራቸውን፣ ስልካቸውን። እስከ ነገ ጠዋት። ያለበለዚያ ከዚህ የባሰ ቦታ አለ፤ ወደዚያ ትሄጃለሽ።”

አልዋሽም፣ ወደ ክፍሉ ስመለስ አንድ ስም ጽፌ ነበር። ድሮ ከእኛ ጋር የነበረች፣ ውጭ አገር የሄደች ዘማሪ ናት፤ አያገኟትም ብዬ። ከዚያ እናቷ እዚሁ ኮተቤ እንደሚኖሩ ትዝ አለኝ። የወረቀቱን ጠርዝ ቀድጄ አኝኬ ዋጥኩት።

ለሴቶቹ ነገርኳቸው። የባንኳ ልጅ መጀመሪያ አፏን ይዛ ሳቀች።

“ቲቸር፣ ሲሪየስሊ? ኖታ ፈርተው ነው?”

ባለሱቋ አልሳቀችም። “ያስፈራቸውን እስቲ አሰሚን” አለች።

ከሰዓቱን ሙሉ በሹክሹክታ አስተማርኳቸው። ባለሱቋ አልቶውን ሁለት ጊዜ ሰምታ ያዘችው። “ቃሉ የናንተ ነው፣ እሱን አልልም” አለችኝ። “ዜማውን ግን አፌን ዘግቼ እይዝልሻለሁ።”

“ይበቃኛል” አልኳት። እሷ አንድም ጊዜ አልሳተችም። የባንኳ ልጅ ግን ቴነሩን ጀምራ ወደ እኔ ድምፅ ትሸሻለች፤ አንድ ጆሮዋን በጣቷ እየደፈነች ለመደችው። እኔ በመርማሪው ወረቀት ላይ መስመር አስምሬ ቅንብሩን በቃሌ ጻፍኩት። ቤቴ ሳለሁ ያልጨረስኩትን መጨረሻውን እዚያ ጨረስኩት።

ጠዋት ፀሐይ ልንሞቅ ግቢው ውስጥ ተቀምጠናል፤ ወንዶቹ ከሽቦው ማዶ። መርማሪው መጥቶ እጁን ዘረጋ። ወረቀቱን ሰጠሁት። ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው።

“ስሞቹስ?”

“ከታች አለ።”

ከታች የኔን ስም እስከ አያቴ ጽፌዋለሁ።

“ያቀናበርኩት እኔ ነኝ። ሌላ የምሰጥህ ስም የለኝም።”

“ታዲያ አራቱን ማን ሊዘምርልሽ ነው?”

መልስ የሰጠችው ባለሱቋ ናት። ሻርፗን አስተካክላ፣ አፏን እንደዘጋች አልቶውን ጀመረች። እኔ ገባሁ። የባንኳ ልጅ ጆሮዋን ደፍና ተከተለች። ጠባቂዋ “ዝም በሉ!” ብላ ጮኸች፤ ዝም አላልንም። ከሽቦው ማዶ እግራቸው በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፈው ተነሡና ባሱን ያዙ። የጻፍኩትን አላዩትም፤ የራሳቸውን ነው ያወጡት፣ አንድ ቦታ ላይም ከኔ ይሻላል። አንዱን አንቀጽ እስከ መጨረሻው ዘመርነው። መርማሪው እስክንጨርስ ወረቀቱን ይዞ ቆመ። ለምን እንደቆመ አላውቅም።

“አስገቧቸው” አለ ስንጨርስ።

ለአንድ ሳምንት ፀሐይ ከለከሉን። ወደ ሌላ ቦታ አልላኩኝም። ከሁለት ወር በኋላ ያለ ክስ ተለቀቅኩ፤ ሁለቱ ሴቶችም ተራ በተራ ወጥተዋል። ሽማግሌውን ግን ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። ባልደረባችን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እጄን አወጣለሁ፤ ሰብሳቢው ሳያየኝ ሲያልፍ ተነስቼ እጠይቃለሁ።

ከኳየሩ ማንም አልተጠራም። መታሰሬን ያውቃሉ፤ ስለዚያ ነጭ ወረቀት ግን አልነገርኳቸውም። ልምምድ ላይ አርፍደው ይመጣሉ፣ በመገናኛ የታክሲ ሰልፍ ያሳብባሉ፣ ባሶቹ ከኋላ ያወራሉ። እቆጣቸዋለሁ። “ከእስር ቤት ወዲህ ብሶብሻል” ይሉኛል። ከዚያ ሃያ ሁለቱም አንድ ላይ ትንፋሽ ይስባሉ።