ከስጡ አልነሣም ያለችው ልጅ

ይህ የሆነው በንጉሡ ዘመን ነው። ዓመቱን ቁርጥ አድርጌ አልነግራችሁም፤ ያኔ ዓመት የሚቆጥሩት ቄሶቹ ነበሩ እንጂ እኔ አልነበርሁም። ልጄ ደሳለኝ አምስተኛ ዓመቱን የያዘበት ጊዜ ነው። በረዶ ጣራ ሲመታ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አሁን ብዕር ያስያዘኝ ግን ሌላ ነው። ሰሞኑን የልጅ ልጄ ልጁን መዋዕለ ሕፃናት አስገብቶ መጣና፣ «በእናንተ ጊዜ ለሕፃን የሚሆን ትምህርት አልነበረም» አለኝ። «ነበር፤ በእኛ ሰፈር የጀመርሁትም እኔ ነኝ» አልሁት። ሳቀ። ይሳቅ። እናንተ አንብቡና ፍረዱ። ፊደሌ ከተንጋደደ እለፉኝ፤ የለቀምሁት እዚያው ሕፃናቱ መሀል ተቀምጬ ነው።

ሰፈራችን ላይ ጋይንት ነው፤ ከንፋስ መውጫ የግማሽ ቀን መንገድ። በዚያን ጊዜ ልጅ የሚማረው ስምንት ዘጠኝ ዓመት ከሞላው በኋላ፣ እሱም የዜማው ትምህርት ቤት ያለበት ቤተ ልሔም ድረስ ሄዶ ነበር። የሚሄደው ከአሥር አንዱ ነው። እሱም ቢሆን ከብት ከለመደ በኋላ ስለሆነ፣ ሁለት ወር ሳይቆይ ጠፍቶ ይመጣል። እኔ ራሴ ጠፍቼ መጥቻለሁ። ስለዚህ በማኅበራችን ቀን ተነሣሁና፣ «ልጅ ገና ከብት ሳይውል፣ በአራትና በአምስት ዓመቱ ፊደል ይቁጠር። አስተማሪ እኔ አመጣለሁ» አልሁ።

«ንፍጡን ያልጠረገ ልጅ ዳዊት ሊደግምልን ነው?» አሉና ሳቁብኝ።

እኔ ሲስቁብኝ ይብስብኛል። በማግስቱ ቤተ ልሔም ወረድሁ። እዚያ የዜማውም የቅኔውም ተማሪ ሞልቷል፤ ግን የጠየቅሁት ሁሉ «ሀ ሁ ላስቆጥር ነው ይህን ሁሉ ዓመት የለፋሁት?» ይለኛል። ሦስት ቀን በሩ ላይ ተቀመጥሁ። ሂድ ቢሉኝ አልሄድሁም። በሦስተኛው ቀን አንድ ከሲታ ወጣት መጣና፣ «ድምፄ ተዘግቶብኛል፤ ለዜማ አልሆንም ተብያለሁ። ለሕፃናት እበቃ እንደሆነ?» አለኝ። ሲናገር በሹክሹክታ ነው።

«ለሕፃን ጩኸት አያሻም፤ ይነሡ እንሂድ» አልሁት። ጢም እንኳ አልነበረውም፤ ቢሆንም ሰፈር ከገባ ጀምሮ ሁላችን የኔታ አልነው።

አስተማሪ ተገኘ፤ ልጅ ታጣ። እናቶቹ እምቢ አሉ። ምክንያታቸው ስጥ ነው። እኛ አገር እህል ከመፈጨቱ በፊት ቁርበት ላይ አድርገን ለፀሐይ እናሰጣዋለን። ያንን ከዶሮና ከወፍ የሚጠብቀው ለከብት ያልደረሰ ሕፃን ነው። ቀን ሙሉ ጭራሮ ይዞ ቁርበቱ አጠገብ ይቀመጣል። እማዋይሽ የምትባል ጎረቤት ነበረችኝ፤ ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ደብሬ የምትባል ልጅ ያላት። ለአንድ ቃል አሥር የምትመልስ ሴት ናት።

«ደብሬን ወስደህ ሀ ሁ ስታስብላት ስጤን ማን ይጠብቅልኛል? አንተ?» አለችኝ።

እሷ ይህን ስትል ነው ብልሃቱ የመጣልኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ሰፊ ልሙጥ አለት አለ፤ ፀሐይ ሲመታው የሚውል። «ልጁንም ስጡንም አምጡ!» አልሁ። «እያንዳንዱ ልጅ ከየስጡ አጠገብ ይቀመጥ፤ የኔታ መሀል ይቁሙ። እየጠበቁ ይማራሉ። ንጉሥ ይሙት፣ ከዚያ አለት ላይ አንድ ፍሬ ብትጠፋ የእኔን ጎታ ገልብጡ!»

በንጉሥ የተማለ ነገር ነውና እሺ አሉ። ከጥር ጀምሮ አሥራ አንድ ሕፃን አሥራ አንድ ስጥ ይዞ ወጣ። የኔታ አንዲት የብራና ፊደል ነበረችው፤ እሷን ይዞ ከቁርበት ቁርበት እየዞረ ያስቆጥራል። ልጆቹ በአፋቸው ፊደሉን ይላሉ፣ በእጃቸው ዶሮውን ያባርራሉ። «ለ! ሉ! እሽ! ሊ!» ሲሉ ከእርሻዬ ይሰማኛል። የኔታን እራት በተራ እናበላዋለን። ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ግማሾቹ ፊደሉን ጨርሰው አቡጊዳ ገብተው ነበር። እኔም ማታ ማታ ደሳለኝን «ዛሬ ምን ተማርህ?» እያልሁ ፊደሉን እሰርቀው ነበር፤ ኋላ ማፈሩን ትቼ ራሴ ሄጄ ከኋላ መቀመጥ ጀመርሁ።

ግንቦት ላይ አንድ የገበያ ቀን ትልቅ ትልቁ ሁሉ ንፋስ መውጫ ወረደ። እኔም ወርጄ ነበር። ስንመለስ ሰማዩ ጠቆረ፤ በረዶው መንገድ ላይ ያዘን። የዶሮ እንቁላል ያህላል ብል ትዋሻለህ ትሉኛላችሁ፤ የባቄላ እሸት ግን ያህል እንደነበር እምላለሁ። ዛፍ ሥር ተጠግተን አሳለፍነውና እየሮጥን መጣን።

አለቱ ላይ ጎርፍ ይወርዳል። አንድም ቁርበት፣ አንድም ልጅ የለም። ደጀ ሰላሙ ውስጥ ስንገባ ልጆቹ ጥግ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ ሁሉም አሉ። የኔታ ጋቢው የለም፤ በእጀ ጠባቡ ብቻ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። መሬቱ ላይ ደግሞ የአሥራ አንድ ቤት እህል አንድ ክምር ሆኖ ተቆልሏል። ገብሱ ከስንዴው፣ ስንዴው ከባቄላው፣ ባቄላው ከብቅሉ።

እናቶቹ ልጆቻቸውን ዳብሰው ደኅና መሆናቸውን ካዩ በኋላ ዓይናቸው ክምሩ ላይ አረፈ። ያን ጊዜ ጩኸቱ ተነሣ። ከሁሉ የባሰባት እማዋይሽ ናት። የባሏ ተዝካር ሁለት ሳምንት አልቀረውም፤ አስጥታ የነበረው የጠላው ብቅልና ገብስ ነው።

«ሰውዬውን በባቄላ ጠላ ልዘክረው ነው?» አለች። «የኔታ፣ የኔታ እያልን በራሳችን ጉድ ጎተትን! ሕፃን የሚጠብቀውን ስጥ አንድ ሙሉ ሰው መጠበቅ አቃተው?»

የኔታ «ይቅር በሉኝ» ብቻ ነው ያለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ ሙላት? ንጉሥ ይሙት ብለህ የማልኸው የት ገባ? ገልብጣ ጎታህን!»

ገለበጥሁ። የምዋሽ ሰው አይደለሁም። ሚስቴ እያለቀሰች፣ ያለችኝን ገብስ ተሸክሜ እማዋይሽ ደጅ አወረድሁ። እማዋይሽ በእጇ ዘገነችና አየችው።

«ይህን ነቀዝ የበላውን? ባሌ በቁሙም ይህን አልቀመሰም» ብላ መለሰችልኝ።

በማግስቱ ጠዋት የኔታ የለም። የዳዊቱን ማኅደር አንግቶ፣ ገና ሳይነጋ ሄዷል አሉኝ። ያኔ ደነገጥሁ። እህሉ ለከርሞ ይዘራል። እሱ ከሄደ ግን ቤተ ልሔም ሦስት ቀን አይደለም ሦስት ዓመት ብቀመጥ ሁለተኛ አስተማሪ አላገኝም፤ «እንደ ሌባ ሰድበው ያባረሩት» ይባላል። ልጆቹም ከነገ ጀምሮ ወደየደጃቸው፣ ወደየዶሯቸው ነው።

ልጣላት እማዋይሽ ቤት ሄድሁ። ደብሬ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ግንባሯ ላይ የዋንዛ ፍሬ የሚያህል እብጠት አለ።

«ምን መታሽ?» አልኋት።

«በረዶ።»

«የኔታ ዝም ብሎ አየሽ?»

«የለም አያ ሙላት። የኔታማ ተነሡ አለን። እኛ ነን እምቢ ያልን።»

«ለምን እምቢ አላችሁ?»

ልጅቱ እንደ ሞኝ አየችኝ። «እማ ‹ከስጡ ብትነሺ ቆዳሽን እገፍፈዋለሁ› ብላኛለች። ደሳለኝንም አንተ ‹እግርህን እሰብረዋለሁ› ብለኸዋል። ነግሮናል። ስለዚህ ስጣችን ላይ ተኛንበት።»

እማዋይሽ ከውስጥ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የኔታ አንድ በአንድ ተሸክሞ አገባን። እኔ ግን ነከስሁትና ተመልሼ ሮጥሁ። ‹ስጥሽንም አመጣልሻለሁ› ብሎ በማርያም ማለልኝ። ያን ጊዜ ገባሁ። በጋቢው የእኔን አመጣ፤ ‹የእኔንስ?› አሉት ሌሎቹ። የሁሉንም አመጣ።»

አያችሁ? ያን ጠዋት ለደሳለኝ እንዲያ ማለቴ እውነት ነው። ሁላችንም ለልጆቻችን የምንለው ነው፤ ልማድ ነው። ማንም እግር አይሰብርም። ሕፃን ግን የተባለውን ያምናል። አሥራ አንድ ሕፃን እኛን ፈርቶ በረዶ ሥር እህል ላይ ተኛ፤ የኔታ ይህን ሁሉ ሲያውቅ፣ ልጆቹን እንዳንመታቸው ብሎ ይመስለኛል፣ አፉን አልከፈተም።

እማዋይሽ ልጇን ግንባሯን ዳሰሰቻት። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለችና፣ «ምን ትገተርብኛለህ? ሂድና መልሰው እንጂ!» አለችኝ።

የደረስሁበት ቀትር ላይ ነው። ከምንጭ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ዳዊቱን ገልጦ ቅጠሉን አንድ በአንድ በጠጠር እየያዘ ፀሐይ ያስመታዋል። ብራናው ተኮማትሯል፤ ቀዩ ቀለም ደምቶ ጥቁሩ ላይ ፈሷል።

«ምን ነካው የኔታ?»

«አለቱ አጠገብ ያለው ወይራ ላይ ሰቅዬው ነበር» አለኝ።

የአሥራ አንድ ቤት እህል ሲያመላልስ የራሱን ዳዊት በረዶ ሲደበድበው ነበር። እጁ ላይ የደብሬ ጥርስ ይታያል። አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«ሊመልሱኝ ነው የመጡት?» አለኝ።

«አዎን።»

«አልመለስም። ሴትዮዋ እውነቷን ነው። አደራ መጠበቅ አልቻልሁም።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልሁት። ይህን ቃል በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አልተናገርሁትም። «ልጁን ለፊደል ጠራሁት እንጂ ከስጡ አልፈታሁትም። እማዋይሽም ልካኛለች። እምቢ ካሉ እኔም ከዚች ድንጋይ አልነሣም። ቤተ ልሔም በር ላይ አይተውኛል።»

ሳቀ። ድምፅ ስለሌለው ትከሻው ብቻ ነው የሚስቅ። ዳዊቱ እስኪደርቅ ጠብቀን ተያይዘን ተመለስን።

በማግስቱ ክምሩን መልሰን አለቱ ላይ አፈሰስነው። እናቶች ከነልጆቻቸው ዙሪያውን ተቀመጡ። ባቄላው ቶሎ ተለቀመ፤ ስንዴው ትንሽ ቆየ። ብቅሉ ነው ያስቸገረ። ትልቅ ሰው ጣቱ ወፍራም ነው፤ ሕፃናቱ ግን «ጅራት ያለው ብቅል፣ ጅራት የሌለው ገብስ» እያሉ እንደ ጫጩት ለቀሙት። ሲለቅሙ የኔታ በዚያ በተዘጋ ድምፁ ፊደሉን ይጀምራል፤ እነሱ ይቀበሉታል። እናቶቹ ልጆቻቸው ፊደል ሲቆጥሩ ከቅርብ ተቀምጠው የሰሙት ያን ጊዜ ነው። በሁለተኛው ቀን እማዋይሽ ሳታውቀው «መ፣ ሙ፣ ሚ» እያለች ነበር። አየኋት። አላየሁም ብዬ ፊቴን አዞርሁ።

ተዝካሩ በቀኑ ተዘከረ። የኔታን ከካህናቱ ጋር ከላይ አስቀመጠችው። አንዱ እድምተኛ ከዋንጫው ውስጥ አንዲት ባቄላ አወጣና ከፍ አድርጎ አሳየ። «ብላት፤ የሟቹ ድርሻ ናት!» አለችው እማዋይሽ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ላይ ሁለተኛ ተነሣሁ። «ልጆቹ ከስጥ ይፈቱ። ስጡን እኛ ወንዶቹ በተራ እንጠብቅ» አልሁ። ከመጀመሪያው ቀን የባሰ ሳቅ ሆነ። ጢሙ የወረደ ሰው ጭራሮ ይዞ ዶሮ ሲያባርር አስቡት! የሰፈሩ ሹም ጭቃ ሹሙ ሳይቀር «መጀመሪያ አንተን እንየህ» አለኝ። ሰኞ ጠዋት ቀድሜ ወጣሁ። አላፊ አግዳሚው እየቆመ አየኝ። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ሰው ተራ ያዘ፤ ከዚያ ሌላ። የኔታ ሰባት ዓመት አስተማረልን። ደብሬ ዳዊት ደገመች፤ ከወንዶቹ ቀድማ።

ለደሳለኝ ያን ጠዋት ያልሁትን ቃል ግን እስከ ዛሬ አልወደድሁትም። አንድ ቀን ጠየቅሁት፤ «አላስታውስም አባባ» አለኝ። እኔ ግን አስታውሳለሁ።

የቀረው ሁሉ አይቆጨኝም። በዚያን ዘመን ሰው ግራዝማች ለመባል፣ ቀኛዝማች ለመባል ዓመት ሙሉ ደጅ ይጠና ነበር። እኔን የሰፈሬ ሰው ከዚያች ሰኞ ጀምሮ ስጥ ጠባቂው ሙላት አለኝ። ሊሰድቡኝ ብለው ነው። ሹመት ነው ብዬ ያዝሁት፤ እስከ ዛሬ ማንም አልሻረኝም።