ብርድ እንዳይመታው

የሕክምና መሣሪያ ነው የምማረው ብዬ ስንቱን አስረዳሁ! ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ማለት ለአገሬ ለሞላሌ ሰው ሐኪም ማለት ነው፤ አለቀ። ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ መርምረኝ ብሎ ምላሱን አውጥቶ ያሳየኛል።

አራተኛ ዓመት ላይ ዘርፍ ምረጡ ተባልን። እንደ ኤምአርአይ ያለ የምስል መሣሪያ አለ፣ ሰው ሠራሽ አካል አለ፣ የሆስፒታል መሣሪያ ጥገና አለ። ጥገናን ናቅሁት። እኔ ቱታ ለብሼ ብሎን ልፈታ? ኤምአርአይ ካልሆነ ብዬ ፎከርኩ። ኤምአርአይ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ በስላይድ ነው የማውቀው።

በዚያው ሰሞን ሞላሌ ስገባ፣ ያሳደጉኝ አክስቴ በሳንባ ምች ጤና ጣቢያ ተኝተው ደረስኩ። ነርሷ በር ላይ ያዘችኝ። ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚያጣራው ማሽን ደክሟል፤ ሌላ የለም፤ አምቡላንሱም ወላድ ይዞ ሄዷል።

"አንተ የዚህ ተማሪ አይደለህ? በል እንጂ" አለችኝ።

ወደ ውስጥ ሮጥኩ። አክስቴ ከንፈራቸው ጠቁሮ እንደ ወናፍ ይተነፍሳሉ። እኔ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ቀመር ብቻ ነው።

የማሽኑ የማስጠንቀቂያ ጩኸት ይሰማል፣ ማሽኑ ግን አይታይም። ጥጉ ላይ አንድ ጥቁር ዝተት፣ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ ቆሟል፤ ቁጥር የሚያሳየው ፊቱ ብቻ ተከፍቶለታል።

"ብርድ እንዳይመታው ብዬ ከቤቴ አምጥቼ ያለበስኩት ነው" አለች የጽዳት ሠራተኛዋ። "በዚህ ውርጭ እቃስ ቢሆን አይበርደውም?"

ገፈፍኩት። ከኋላው ያለው የአየር ማጣሪያ የበግ ፀጉሩን ሲስብ ከርሞ ተደፍኗል፤ ለመፈተል እንዝርት ብቻ ነው የቀረው። በጥፍሬ ለቀምኩት፣ አራገፍኩት፣ መለስኩት።

ጩኸቱ ቆመ። አክስቴ ጣት ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ ሰባ ስምንት ይል ነበር። ሰማንያ ሦስት አለ። ቆይቶ ዘጠና ሲገባ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ ሰው አየኝ አላየኝ ብዬም አልተሳቀቅኩ።

ከዚያ ኮስተር ብዬ የጽዳት ሠራተኛዋን ማስተማር ያዝኩ። ማጣሪያውን በየሳምንቱ አውጥተሽ ታጥቢዋለሽ፣ በደንብ ሳይደርቅ አትመልሺውም፣ ዝተት የሚባል ነገር እንዳይጠጋው አልኳት። አንድ ጊዜ አሳየኋት፤ ከእኔ ፈጥና ፈታችው፣ ከእኔ ፈጥና ገጠመችው።

"ይኸው ነው?" አለችኝ። "አራት ዓመት ሙሉ የተማርከው ይሄን ነው?"

አክስቴ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ትንፋሻቸው ረጋ ብሎ ይሰማኛል። ለመዋሸት አቅም አልነበረኝም።

"አይ፣ ይሄንንስ ዛሬ ነው የተማርኩት" አልኳት።