ሁለት ኤአይ በቡሬ መንገድ

ፍኖተ ሰላም፣ ንጋት

መናኸሪያ የደረስነው ጎህ ሳይቀድ ነው። «ቡሬ! ቡሬ! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል ረዳቱ፤ ሚኒባሱ ግን ባዶ ነው። አብራኝ ያለችው የወንድሜ ሚስት ውባለም ናት። ወንድሜ አማቱን ፈርቶ ቤት ቀርቷል፤ ጀግና ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ ፍለጋ ስንት ዓመት ከተንከራተቱ በኋላ አዲስ አበባ ያለ አንድ ክሊኒክ ከሁለቱ ዘር ሦስት ሽሎች አዘጋጅቶላቸዋል። ኤአይ የሚሉት የኮምፒውተር አስተውሎት የሽሎቹን ፎቶ እያየ የትኛው ማህፀን ውስጥ የመያዝ ተስፋ እንዳለው ይገምታል፤ ሐኪሟም ግምቱን ተመልክታ አንዱን መርጣለች። የቀረው ማስገባት ብቻ ነው። ውባለም ደስታዋን ለአባቷ በስልክ ስትነግር «ኤአይ ነው የረዳን» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኳን አያነሱም። እሷ ደግሞ ያለ አባቴ ምርቃት ንቅንቅ አልልም ብላለች።

ማንኩሳ

በርበሬ የጫነ አይሱዙ መንገዱን ዘግቶብን ቆምን። ሰው ሁሉ ያስነጥሳል። ክሊኒኩ የላከውን የተመረጠውን ሽል ፎቶ ከውባለም ስልክ ላይ ደግሜ አየሁት፤ የሳሙና አረፋ ይመስላል። ማሽን ከዚህ ላይ ምን ያነባል?

«ብዙ ፎቶ አይቶ ነው የለመደው አለችኝ ሐኪሟ፤ እኔም በደንብ አልገባኝ» አለች ውባለም።

ሾፌሩ ለካ ጆሮውን ጥሎ ኖሯል።

«ኤአይ ነው የምትሉ? እኛ ቤትም ተሠርቶላት ወለደች። ጥቁርና ነጭ!»

«ማን?» አልኩ ደንግጬ።

«ላሟ ናት እንጂ!»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። እዚህ አገር ኤአይ ማለት የኮርማ ዘር ይዞ በሞተር ሳይክል እየዞረ ላም የሚያዳቅለው ባለሙያ ነው። እንባዬ እስኪፈስ ስቄ ዞር ስል ውባለም አትስቅም።

«አባባ የሌላ ሰው ዘር መስሏቸዋል» አለች። ሳቄ እዚያው ደረቀ።

ቡሬ

መንታ መንገዱ ላይ ባጃጅና የበቆሎ ጆንያ ተቀላቅሏል። ፍርፍር አዘዝን፤ ውባለም አልነካችውም፣ የእሷንም እኔ ጨረስኩት። ስኳር ገዛንና ባጃጅ ይዘን ወደ ገጠሩ ወጣን።

አባቷ ቤት

በር ላይ የተቀበለችን ጥቁርና ነጭ ጥጃ ናት። አባቷ አቶ ቢያድግልኝ ጭድ እያቀረቡላት ነበር። ጉልበታቸውን ስመን፣ ስለ ከብቱ ስለ እህሉ ተጠያይቀን ስናበቃ፣ ዓይናቸውን ከጥጃዋ ሳያነሡ፣

«ኮርማው ከየት ነው የመጣ?» አሉ።

ፊቴ በእፍረት ጋለ። ውባለም ግን መልሱን መንገድ ሙሉ ስታሰላስል ነው የመጣችው።

«ኮርማው ባሌ ነው አባባ። ከእሱና ከእኔ በቀር ሌላ ሰው የለበትም። ይሄኛው ኤአይ ፎቶ ያያል እንጂ ዘር አያመጣም።»

እጃቸውን ለስልኩ ዘረጉ። ሦስቱን ፎቶ ተራ በተራ አዩ።

«የተመረጠ የቱ ነው?»

አሳየቻቸው።

«እኒህስ?»

«ማሽኑ እኒህ ደከም ያሉ ናቸው ብሏል። በቅዝቃዜ ይቆያሉ።»

«ደከም ያሉ!» ብለው ሳቁ። «እናቴ ቢያድግልኝ ያለችኝ ለምን ይመስልሻል? አዋላጇ ይኸስ ሌሊቱን አያድርም ብላ ነበር።»

ውባለም እግራቸው ሥር ተንበረከከች። እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ።

«ማሽኑ አንዱን ይምረጥ» አሉ። «እኔ ሦስቱንም ነው የምመርቅ።»