አስካለን ያጠጣኋት ጠላ

በዚያ እሑድ ጠዋት ከቤታችን በታች ባለው ሜዳ ላይ የነበሩት እነዚህ ናቸው። ልጄ አስካለ ነበረች። ጎረቤታችን ሃምሳ አለቃ ቶላ ነበሩ። የሃምሳ አለቃ ቤት አከራይ እትዬ ዘነበች ከቀራንዮ ቅዳሴ ስትመለስ ነጠላዋን እንደተከናነበች ቆማ ታያቸው ነበር። የእድራችን ዳኛ አቶ ወልደሰንበትም ከእሷ ጋር ነበሩ። በኋላ ተጠርቶ የመጣ አንድ ድሬሰር ነበረ። እኔም ነበርኩ፤ አጥሩን ይዤ ቆሜ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል የሆነውን ነገር የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የማውቀውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ጾም በገባ ቁጥር ሐሜቴን እነግራቸዋለሁ፤ ከጎረቤት መጣላቴን እነግራቸዋለሁ። ይህን ግን እስከ ጉሮሮዬ አምጥቼ መልሼ እውጠዋለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ጽሕፈቴም እንደ ተማረ ሰው አይሆንም። ቢሆንም ፊት ለፊት ከማየው ሰው ይልቅ ለማላየው መናገር ስለቀለለኝ ለእናንተ እጽፋለሁ።

ጊዜው የጃንሆይ መንግሥት የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነበር። ኮልፌ ያኔ እንደ አሁኑ ቤት በቤት አልሆነችም ነበር፤ ከደጃችን ወጥተን የምንረግጠው ሣር ነበረን። ሃምሳ አለቃ ቶላ ኮርያ ዘምተው የተመለሱ፣ ቤተሰብ የሌላቸው፣ በጡረታ የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ጉልበታቸውን ቆስለው እዚያው ሆስፒታል በተኙበት ጊዜ የሆስፒታሉ ምግብ አብሳይ የነበረ አንድ ሽማግሌ ቻይናዊ ያስተማራቸው እንቅስቃሴ ነበር። ታይ ቺ ይሉታል። በየማለዳው ሜዳው መሐል ይቆሙና እጃቸውን በዝግታ ያነሳሉ፤ በዝግታ ያወርዳሉ፤ አንዱን እግር ከፍ አድርገው ሌላው ላይ ይቆማሉ፤ ወገባቸውን ያዞራሉ። ሲያዩት ሰው ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል። ሰፈሩ ስም አወጣለት፤ "የሃምሳ አለቃ ዋና" ይባል ነበር።

"ሃምሳ አለቃ፣ ዛሬስ ወንዙን ተሻገሩት?" ትላቸው ነበር እትዬ ዘነበች፣ እንስራዋን አዝላ ስታልፍ።

"ገና ነው ዘነበች፤ ጥልቅ ነው። ነይና እጄን ያዢኝ።"

"እኔ ከነልብሴ አልዋኝም!"

እንዲህ እየተቀላለዱ ነበር የሚኖሩት። ይህን የጻፍኩት ያን ሰው የሚጠላ ሰው በሰፈሩ እንዳልነበረ እንድታውቁ ነው። ጥላቻውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

አስካለ ያኔ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ነበረች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ወፍራም ናት። ከምንጭ ውሃ ይዛ ዳገቱን ስትወጣ ሦስት ቦታ ታርፋለች። ጫማዋን ለማሰር አጎንብሳ ስትነሳ ፊቷ ደም ይለብስና ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ምሳ ከበላች እንቅልፍ ይጥላታል። በእኔ ዓይን ግን የልጄ ሙላት የእኔ ክብር ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ልጇን አጥግባ አሳደገች እባል ነበር፤ መባሉንም እወደው ነበር።

አንድ ቀን ሃምሳ አለቃ "አስካለ፣ ነይ እስቲ ካጠገቤ ቁሚ" አሏት። እኔም ፈቀድኩ። ምን ያመጣል? ሩጫ አይደል፣ ሸክም አይደል፤ ላብ እንኳ የለውም ብዬ ነው የፈቀድኩት።

ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲያልፍ ልጄ ሌላ ሰው ሆነች። ጉልበቷን ሳታጥፍ አጎንብሳ መዳፏን መሬት ታስነካለች። ዳገቱን እያወራች ትወጣለች። በዚያ በኮልፌ ብርድ እጇን ስትሰጠኝ እጇ ይሞቃል። የቀሚሷ ወገብ ሰፋ፤ በመርፌ አጠበብኩት፤ እንደገና ሰፋ። የምትበላው ግን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

እዚህ ላይ ነው ፍርሃቴ የጀመረው። የአስካለ አባት የሞተው በሳንባ በሽታ ነው። ሳሉ ከመምጣቱ በፊት ቀበቶው ነው የሰፋው። በሚስማር አዲስ ቀዳዳ የበሳሁለት እኔ ነኝ። እንግዲህ የልጄን ቀሚስ በመርፌ ስይዝ እጄ ምን ያስታውስ ነበር ትላላችሁ? ሌሊት ተነስቼ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ትሳል እንደሆነ እጠብቃለሁ። ሳል የለም። ታዲያ ሥጋዋን ምን እየበላው ነው?

አንድ ቀን ደፍሬ ሃምሳ አለቃን ጠየቅኳቸው። "እንዲህ እየተንቀራፈፉ እንዴት ይከሳል?" አልኳቸው።

ሳቁ። "ወይዘሮ የሺ፣ ምድጃ ውስጥ እሳቱ ከደከመ እንጨቱ ዝም ብሎ ይከመራል፤ አይደለም? የልጅቷ እሳት ደክሞ ነበር። አሁን ቀስ ብለን ቆሰቆስነው፤ የተከመረውን እያነደደ ነው። ዝግ ማለቱ አያታልልዎ፤ በዝግታ መቆም ከሩጫ ይከብዳል፤ ይሞክሩት። ደግሞ የሚነድ እሳት እንጨት ይፈልጋል፤ አይከልክሏት፣ ትብላ።"

ትብላ አሉኝ። ይህችን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ። አብዝቶ መብላትና መክሳት በእኛ ዘንድ የምን ምልክት ነው? የኮሶ ትል ነዋ! እንዲያ ብዬ ሳስብ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። በልጇ ሆድ ውስጥ ትል አለ ብላ የምትደሰት እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትል ከሆነ የአባቷ በሽታ አይደለማ። ትል ይሁንልኝ ብዬ ተመኘሁ፤ ተመኝቼም አመንኩት።

ኮሶ አጠጣኋት። እየተንገሸገሸች ጠጣች፤ እንደ ደንቡም ቀኑን ከቤት ሳትወጣ ተኝታ ዋለች። ምንም ትል አልወጣም። በሳምንቱ ድገሚ አልኳት።

"አልጠጣም እማዬ። ትል የለብኝም። ጤነኛ ነኝ፣ አታዪኝም እንዴ?"

አየኋት እንጂ። ቀጭን አንገቷን አየሁ። አንገቷ ላይ የአባቷን አንገት አየሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው ያደረግኩት። ኮሶውን ወቀጥኩ። ለአንድ ሰው የሚበቃውን አውቃለሁ፤ እናቴ አሳይታኛለች። እኔ ግን ያለፈው አንሶ ነው ብዬ እጥፍ አደረግኩት። ጉሽ ጠላ ውስጥ በጠበጥኩት፣ ማር ጨመርኩበት፣ በጣሳ አድርጌ ሰጠኋት። ልብስ አጥባ ስትመለስ ነበር፤ ጠምቷት ነበር። ግማሹን በአንድ ትንፋሽ ጠጣችና ጣሳውን ከአፏ ነጠለችው።

"እማዬ፣ ኮሶ ኮሶ ይላል።"

"ጌሾው በዝቶበት ነው" አልኳት።

ልጄ አመነችኝ። የቀረውን ጠጣችው።

ሌሊቱን ሽንት ቤት ስትመላለስ አደረች። "ሆዴን ቆረጠኝ" ስትለኝ "የትናንቱ ጎመን ይሆናል" አልኳት። አንዱን ውሸት ሌላው እየጎተተው ሄደ። ሲነጋ ፊቷ አመድ መስሎ ነጠላዋን አነሳች።

"ዛሬ ቅሪ" አልኳት።

"ስሠራ ይሻለኛል። ጋሼ ቶላ ብቻቸውን ይቆማሉ።"

ኮሶ የጠጣ ሰው ይተኛል፤ ከአልጋው አይነሳም። ይህን በኮልፌ የማያውቅ ሕፃን የለም። ልጄ ግን መጠጣቷን አላወቀችም። አንዲት ቃል ብናገር ተመልሳ ትተኛ ነበር። ትቆጣኝ ነበር፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ታኮርፈኝ ነበር። እኔ የልጄን ኩርፊያ ፈርቼ ዝም አልኩ። እስከ በሩ ሸኘኋት። ከዚያ አላስችል ሲለኝ ተከትያት ወጥቼ አጥሩን ይዤ ቆምኩ።

አንድ እግሯን አንስታ እጆቿን ዘርግታ ሳለች ወደቀች። ሃምሳ አለቃ ጭንቅላቷ መሬት ሳይነካ ደርሰው ያዟት። አስተኟትና ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሷት።

"ድግምት ነው!" አለች እትዬ ዘነበች። "ይኸው ደርቃ ቀረች! ዝም ብሎ ሰው ይከሳል እንዴ? ምን ብዬ ነበር?" ያን ሁሉ ቀልድ ያን ጊዜ ረሳችው።

አቶ ወልደሰንበት ወደ እኔ ዞሩ። "ወይዘሮ የሺ፣ ልጅቷ ምን ነካት? የጠጣችው መድኃኒት አለ እንዴ?"

"ምንም አልጠጣችም" አልኩ። "ደህና ነበረች። እሱ ነው።"

እሱ አልኩ። ከዚያ ጠዋት በፊት አንቱ ሳልል አንድም ቀን ስማቸውን ጠርቼ አላውቅም። ጣቴን ቀስሬ "እሱ ነው፤ ልጄን የፈጃት እሱ ነው" አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። ጥያቄው የቀረበልኝ ስለ መድኃኒት ነበር፤ የሰው ስም የጠራሁት እኔ ነኝ።

ድሬሰሩ መጥቶ የልብ ምቷን ከቆጠረ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "እማማ፣ ኮሶ ጠጥታ ከሆነ ይንገሩኝ፤ አልቆጣም። ለማከም እንዲመቸኝ ነው።" እንዲህ ብሎ በልስላሴ ነው የጠየቀኝ።

"አልጠጣችም" አልኩት።

ይህን መልስ እንዴት አድርጌ ላስረዳችሁ? ልጄ ዓይኗ ተገልብጦ ከፊቴ ተኝታለች። እውነቱ ሊያድናት ይችል ነበር፤ ውሸቴም ሊገድላት ይችል ነበር። እኔ ለልጄ ስሳሳ የኖርኩ፣ ለልጄ ስል እንቅልፍ ያጣሁ ሴት፣ ሰው ፊት ከማፈር የልጄን ሕይወት አሳልፌ ሰጠሁ። ብትሞትስ ኖሮ? እግዜር መለሳት እንጂ እኔ አልመለስኳትም።

አስካለ ገና ከአልጋ ሳትነሳ እድሩ ተሰበሰበ። ሃምሳ አለቃ ተጠሩ። ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ።

"ልጅቷ እንደ ልጄ ናት" አሉ። "በዚያ ጠዋት እጇ ቀዝቅዞ አገኘሁት። ቤትሽ ግቢ ብያት እምቢ አለች። ሌላ የማውቀው ነገር የለም።" ከዚያ እኔን አይተው ወደ ዳኛው ዞሩ። "ወይዘሮ የሺ ያንተ ሥራ ነው ካሉኝ እንግዲህ፣ እናት ናቸው፤ እኔ ምን እላለሁ?"

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። አቶ ወልደሰንበት "የሚጨምሩት አለ?" ብለው ጠይቀውኛል። መሬት መሬት እያየሁ የለም በሚል ራሴን ነቀነቅኩ። ከእድሩ አስወጧቸው። ቤተሰብ የሌለውን ሰው ከእድር ማስወጣት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሲሞት ድንኳን የሚተክልለት፣ ሬሳውን የሚሸከምለት የለም ማለት ነው። እትዬ ዘነበችም ቤቷን አስለቀቀቻቸው። አንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ በዚያ በቆሰለ ጉልበታቸው እያነከሱ፣ ወደ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ሲወርዱ በመስኮት አየኋቸው። ወደ ሆለታ በሚሄድ መኪና ተሳፈሩ ተባለ። ከዚያ በኋላ ያያቸው ሰው አላጋጠመኝም።

አስካለ ስትነሳ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ጋሼ ቶላስ?" ብላ ነው። ዘመዶቻቸው ጋ ሄዱ አልኳት። ሰፈርተኛው የቀረውን ነገራት፤ አለቀሰች። ለብቻዋ ጓዳ ውስጥ እጇን አንስታ ስትሞክር አየኋትና "ደግሞ ልትሞቺብኝ ነው?" ብዬ ጮህኩባት። ተወችው። ቀሚሷ እንደገና ጠበበ። ጎረቤቱ "አሁን አማረባት" አለ፤ ባልም መጣላት። የፈለግኩትን ሁሉ አገኘሁ። ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ የትንሿን ጫማ ለማሰር አጎንብሳ ስትነሳ ፊቷ ደም ይለብሳል። ባየሁ ቁጥር ዓይኔን አዞራለሁ።

እኔም ወገቤ ደርቋል። ቤት ሰው በሌለ ጊዜ በሩን ዘግቼ በአጥር ሳይ የቀረልኝን ያንኑ የመጀመሪያውን እንቅስቃሴ እሞክራለሁ። እጄን በዝግታ አነሳለሁ፤ በዝግታ አወርዳለሁ። እንዳሉት ከባድ ነው። ጥቂት ስቆይ ጣቶቼ ይሞቃሉ። በሙቀቱ ደስ ሲለኝ ምን ዓይነት ሰው ነኝ እላለሁ። ያባረርኩት ሰው በተወው እሳት እሞቃለሁ እንዴ?

አምና ለልጅ ክርስትና ጠላ ስንጠምቅ አስካለ በጣሳ ቀድታ ቀመሰች። ጌሾው በዝቶ ነበር። ምላሷ ላይ ይዛ ቆየች።

"እማዬ፣ የዚያን ጊዜው እንዲህ አልነበረም" አለችኝ።

የትኛው ጊዜ ብዬ አልጠየቅኳትም። እሷም አልደገመችልኝም። ጣሳውን አስቀምጣ ወደ ልጆቿ ሄደች።

አስካለ፣ ይህን ካነበብሽ ኮሶ ነበር። እጥፍ ኮሶ ነበር፤ የበጠበጥኩት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው አልልሽም፤ መፍራቴ ለምን ኮሶ እንዳጠጣሁሽ ያስረዳል እንጂ በጋሼ ቶላ ላይ የቀሰርኩትን ጣት አያስረዳም። ይቅር በይኝም አልልሽም። መጀመሪያ ይቅርታ የምጠይቀው ሌላ ሰው አለ፤ የት እንዳለ ግን አላውቅም።

ሃምሳ አለቃ ቶላ ረጅም፣ ጠይም፣ በቀኝ እግራቸው የሚያነክሱ ሰው ናቸው። ያሉበት ቦታ ሜዳ ካለ በማለዳ ወጥተው ይቆማሉ። በሆለታ በኩል፣ ወይም ሌላ ቦታ ያያቸው ሰው ካለ፣ በሕይወት እንዳሉ ንገሩኝ። ከሌሉም ማን እንደቀበራቸው ንገሩኝ።