ለእንግዳ የተደፋ በረኪና

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃችን ጋሽ አሰፋ ቡትስና ጓንት ሰጥተውኝ ወደ ማጣሪያው ኩሬዎች ወሰዱኝ። የቦንጋ ሽንት ቤት ፍሳሽ በመጣጭ መኪና እየተጫነ የሚመጣው እዚያ ነው። «የመጀመሪያው ኩሬ ዝቃጩን ያስቀራል፣ ሁለተኛው ያብላላል፣ ከሦስተኛው የጠራው ወደ ወንዝ ይወርዳል» አሉኝ። አፍንጫዬን ይዤ ስሰማ ሳቁ። «ልቀቂው፣ በሳምንት ትለምጂዋለሽ።» ውሸታቸውን ነው፤ ወር ፈጀብኝ።

ዋጫ ከተማ ያሉ ዘመዶቼ የት እንደምሠራ ሲጠይቁኝ «ውሃ ክፍል» እል ነበር። ሙሉ ውሸት አይደለም።

አንድ ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ሁለተኛው ኩሬ ታመመብን። ጤነኛ ሲሆን እንደ ጎመን አረንጓዴ ነው። አረንጓዴው አልጌ አየር ይሰጣል፤ ቆሻሻውን የሚበሉት ተህዋሲያን በእሱ ነው የሚኖሩት። ያን ሰሞን ግን ግራጫ ሆነ፣ ሽታውም ተለወጠ። ወደ ወንዝ የሚወስደውን የቧንቧ መዝጊያ፣ ሳራሲኔስካውን፣ ጠርቅሜ ዘጋሁና ወደ ጋሽ አሰፋ ሮጥኩ።

«ዝናቡ ሳይበረታ ካልዳነ ሞልቶ በራሱ ይፈሳል» አሉ። «መኪናዎቹን እናቁም ብንል ደግሞ የከተማው ጉድጓድ ሁሉ ይገነፍላል። ምን ይሻላል?»

እህቴ አስቴር ቤቷ ከማጣሪያው በታች ነው። ልጆቿን የምታጥበው፣ ከብቷን የምታጠጣው በዚያው ወንዝ ነው። ደውዬ «ለጊዜው ወንዝ አትውረዱ» ስላት «ምን አድርጋችሁብን ነው?» አለችኝ። ያን ቀን የምር ፈራሁ።

በማግስቱ ከሾፌራችን ከገብሬ ጋር መጣጩ መኪና ላይ ወጣሁ። «ኩሬውን የሚገድለው ከየት እንደሚመጣ ሳላገኝ አልመለስም» አልኩት።

«ኧረ ቀስ በይ፣ ከሰው እንዳትጣዪ» አለኝ። ጠባዬን ያውቃል።

መጀመሪያ የደረስነው የእትዬ አልማዝ ፔንሲዮን ነበር። የጉድጓዱን ክዳን ስናነሳ የሽንት ቤት ሳይሆን የሆስፒታል ኮሪደር ሸተተኝ። አጠገቡ ባዶ የበረኪና ጀሪካኖች ተደርድረዋል።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ለእናንተ ብዬ ነዋ!» አሉ ቅር ብሏቸው። «ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ በዚያ ሽታ ልቀበለው? ነውር አይደለም እንዴ? እዚህ ሰፈር መጣጭ ሲጠራ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚያደርገው።»

ክረምት ሳይገባ ደግሞ ከተማው ሁሉ ነው ጉድጓዱን የሚያስመጥጠው። ገብሬ ራሱን አከከ። «እኔማ ንጹሕ ሰዎች ናቸው እያልኩ ሳመሰግን!» አለ።

ልጮህ የከፈትኩትን አፍ ምን ላድርገው? ስንቱ መኪናችንን ሲያይ አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል፤ እሳቸው ግን እንግዳ አድርገውን ነው በረኪናውን የደፉት። አንጀቴን በሉት።

«እትዬ፣ ኩሬያችን እንደ ቡሆ ነው፣ እርሾ አለው። እርሾ ላይ በረኪና ቢደፋበት ምን ይሆናል?»

«ውይ በሞትኩት!» አሉ አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው። «ታዲያ ወንዙስ?»

«ቧንቧውን ዘግተን እስካሁን ውሃውን ይዘነዋል።»

«እንግዲያው ሰፈሩን ለእኔ ተዪው።»

የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው። በካፊኖኖም በአማርኛም ቤት ለቤት እየዞሩ ተናገሩ፤ በረኪና መድፋቱም ቆመ። እኛ ማስታወቂያ ብንለጥፍ ማን ዞር ብሎ ያየን ነበር? እኛ ደግሞ ገና ካልተጎዳው ከሦስተኛው ኩሬ አረንጓዴውን ውሃ በፓምፕ እየሳብን ሁለተኛው ላይ መለስን። ዝናቡ ቀጠለ፤ ውሃው ወደ ኩሬው ግንብ አፍ ተጠጋ። ጋሽ አሰፋ ሰማዩን እያዩ ማርያምን ይለማመጡ ጀመር።

አንድ ጠዋት ጥጉ ላይ ትንሽ አረንጓዴ አየሁ። በማግስቱ ሰፋ። ጋሽ አሰፋ፣ ያ ሁሉ ኮስታራነታቸው ቀርቶ፣ እልል አሉ! ውሃው ተመርምሮ ደህና ነው ሲባል ሳራሲኔስካውን በገዛ እጄ ከፈትኩት። ለአስቴርም ደወልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ።

«መጥቼ ልጆቹን እኔው አጥባቸዋለሁ» አልኳት። አጠብኳቸውም።

አዲስ ለምትገቡ ይህን ያዙልኝ፦ ሰው ግቢ ስትደርሱ ቱቦውን ከመዘርጋታችሁ በፊት በረኪና ተደፍቶ እንደሆነ ጠይቁ። ሊያከብራችሁ የፈለገ ሻይ ያፍላላችሁ። ሽታው የእኛ ሥራ ነው።